ግምቱን ከእናታቸው በረንዳ የጀመሩት ሚስተር ባንኮሌ ኮሊየር

ለዛሬው መታሰቢያ በታተመው በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ፎቶግራፍ ላይ ከሚስተር ባንኮሌ ኮሊየር ጀርባ የሚታየው ቤታችን በረንዳ የለውም። ፎቶው የድሮ መሆኑን ያስተዋልነው ሽፋኑ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። እሳቸው ቢያዩት፣ ያለው በረንዳ እንደሌለ መታየት የለበትም ብለው ያሳርሙን ነበር።

ሚስተር ባንኮሌ ከአናጢው ከሚስተር ዱሮሲሚ ኮሊየርና ከሚስስ አይና ኮሊየር እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1974 በሴራሊዮን፣ ፍሪታውን፣ መሪ ታውን ሰፈር ተወለዱ። ሲወለዱ ድምፃቸው ደካማ ስለነበር እናታቸው አያድሩም ብላ ፈርታ ነበር። አድረው አደጉ። ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀው በ1999 በከተማው ምክር ቤት የቤት ግብር ገማች ሆነው ተቀጠሩ። በ2004 ሚስስ ኤኩንዳዮን አግብተው ኦሬንና ሞዱፔን ወለዱ፤ ከእናታቸውም ቤት አልወጡም።

የኮረብታው ቪላና የመበለቷ የጣውላ ቤት በስፋት ብቻ እየተለኩ እኩል ግብር መክፈላቸው እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። ለዓመታት ተሟገቱ። በ2019 ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ መስኮቱና መንገዱ ታይቶ ነጥብ የሚሰጥበት አዲስ አገማመት ሲፈቀድ የመሪ ታውንን ቤቶች የመገመቱ ሥራ ለእሳቸው ተሰጠ።

እናታቸው ክፉ ክፉው ታያት። ሰፈሩ ይጠላቸዋል፣ ሲሞቱም ቀባሪ ያጣሉ ብላ ሰጋች። ጎረቤታችን ሚስስ ፍሎሬታም በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «አይና፣ ያ ልጅሽ የእኔን መስኮት ሲቆጥር የእናቱን በረንዳ ዓይኑ አያይም አሉ!» አሉ።

ሚስተር ባንኮሌ በማግስቱ ግምቱን ከእናታቸው ቤት ጀመሩ። ራሳቸው ላሠሩላት የሲሚንቶ በረንዳ ሙሉ ነጥብ ሰጡት፤ ግብሩም ጨመረ። «አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታስነጥቀኝ ነው?» ብትላቸው፣ «ማማ፣ መንገደኛ የሚያየውን እኔ አላየሁም ልበል? ጭማሪውን እኔ እከፍላለሁ» አሏት። እስከ መጨረሻውም ከፈሉ። የሚስስ ፍሎሬታ የጣውላ ቤት ግብር ግን ቀነሰ።

ሚስተር ባንኮሌ የኩላሊት ሕመም አድሮባቸው ሲታከሙ ቆይተው ነሐሴ 11 ቀን 2024 በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ሰው አይመጣም ብላ እናታቸው ጥቂት ወንበር ብቻ ነበር የተከራየችው። ለቀስተኛው ግን ደረጃውን አልፎ መንገዱን ሞላ። ሚስስ ፍሎሬታ አግዳሚ ወንበራቸውን አሸክመው መጥተው፣ «አይና፣ በረንዳሽ እኮ ጠባብ ነው፤ ባንኮሌ ዛሬ ቢያየው ነጥቡን ይቀንስልሽ ነበር» አሉ። ከዚያም አቅፈዋት አለቀሱ።

ሚስተር ባንኮሌ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። የማንንም ቤት ሳያሳንስና ሳያጋንን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በቤቱ ያሳርፍ። ማታ ማታ እሳቸው ሳይገቡ ተቆልፎ የማያውቀው የቤታችን በር፣ ካረፉም ወዲህ እናታቸው መቀርቀሪያውን መሳብ አቅቷት ገርበብ ብሎ ሲያድር የሰነበተው በር፣ ዛሬ ማታ የመጨረሻው ለቀስተኛ ሲወጣ በእናታቸው እጅ ይቆለፋል።