ፀሐይ ያገኘው ጡት

ሰኞ፣ ሰኔ 6 ቀን 2014

ዛሬም አስለቀስኳት። ግን ልክ ነኝ። ግርማ፣ ልክ ነኝ ብሏል ብለህ ጻፍ። የምለውን የሚጽፍልኝ አማቼ፣ የልጄ ባል ነው፤ ሹፌር ነው፣ ፊደል ያውቃል፤ እኔ አላውቅም፣ አላፍርበትምም።

ልጄ ሰናይት ወደ ጽዳት ሥራዋ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ከተመለሰች ወዲህ ሕፃኑን የምይዘው እኔ ነኝ። እናቷ አስካለ ጉልበቷ እምቢ ቢላት፣ በእናት ፈንታ አባት ወደ ዓረብ አገር ተላከ። ዛሬ ከሰርቪስ ወርዳ፣ ላቧ እየተንጠፈጠፈ ወደ ልጁ ስትሮጥ በር ላይ አስቆምኳት። ፀሐይ ያገኘውን ጡት የጠባ ሕፃን ምች ይመታዋል። መጀመሪያ ትቀዝቅዝ፣ ትታጠብ፣ የፊተኛውን አልባ ትድፋ፣ ከዚያ ታጥባ። ልጁ እስከዚያ ሲጮህ ጡጦ ሰጠሁት። ጠግቦ ተኛ። እሷ ደረቷን ይዛ ቀረች።

ጾሙም ዛሬ ገባ። ልጹም አለች። የምታጠባ ሴት አትጾምም አልኳት።

ማክሰኞ

ረያን፣ ያለንበት ከተማ፣ እሳት ነው። አገሬ ይሄኔ ዝናብ ጥሏል። ጥጆቹን ማን ያስገባላታል ለአስካለ? ጭቃው እንኳ ናፈቀኝ።

በር ላይ ሰናይትን አስቆምኳት። ጡጦ። ተኛ።

ረቡዕ

ሥራ ቦታ ወተቷን የምታልበው ሽንት ቤት ገብታ ነው አሉ። አለቃዋ ያላ ያላ፣ ቶሎ በይ እያለች በሩን ትደበድባለች። ማታ ሰናይት አጠገቤ ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ ኸላስ፣ በቃ። ነጥፏል። ጡት ላስጥለው።"

ገና ጥርስ ሳያወጣ! እሷ ራሷ ጥጃ እያባረረች ነው የጠባችው። ጥጃ ያልጠባት ላም እንደምትነጥፍ አውቃለሁ። ሰው ላም አይደለም ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ

ወተት የሚያመጣ ነገር ልጠይቅ ብዬ ለአስካለ አስደወልኩ። አጥሚት ስጣት አለች። እሱንማ እየሠራሁ ነው፣ ቢጓጉልም። ስትመጣ ወዲያው ታጠባለች ወይ አለችኝ። በር ላይ የማደርገውን በኩራት ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ልጆችህን ከአጨዳ ላይ ላቤን እየጠረግሁ ነው ያጠባሁት። ማን አቀዝቅዞኝ? አንተማ ጥላው ሥር ነበርክ።"

ግርማ ሳቀ። ይሄን ሰርዘው አልኩት። ኋላ ተወው አልኩት።

ዓርብ

ሰናይትን፣ እናትሽ ገብተሽ ወዲያው አጥቢ ብላለች አልኳት። እኔ ተሳሳትኩ አላልኩም። ልጁ ግን ጡቱን እየገፋ አለቀሰ፤ የለመደው ጡጦ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል፣ መሐሉ መጋረጃ። እንዳታፍር ብዬ ወጥቼ ደረጃው ላይ፣ ሙቀቱ ውስጥ ቆምኩ። ለቅሶው እዚያም ይሰማል። የእሷም።

ቅዳሜ

አንድ መልካም ነገር። አለቃዋን በግልጽ ለምናት ኖሮ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ተፈቀደላት። ቁልፍ አለው፣ ማንም አይደበድብም።

እኔም ሰርቪሷ መድረሻው ሲቃረብ ጡጦውን ከለከልኩት። እሹሩሩ እያልኩ ዞርኩ። የማውቀው ዜማ ከብት የምነዳበት ነው፣ በእሱ ዞርኩ። በሩ ሲከፈት ርቦት ነበር፤ ሰናይት ጡቷን ሰጠችው። ቀመሰው። ተወው። ደግሞ ቀመሰው። ኋላ ግን እምቢ አለ፣ ጡጦ ተሰጠው።

እሑድ፣ የሰኔ ሚካኤል

ዛሬ መንደሬ ታቦት ወጥቷል። አስካለ በዱላ እየተደገፈች ሄዳ ይሆን? አጠገቧ ማን ቆመ? ከጋብቻችን ወዲህ ይህን በዓል ለየብቻ አክብረን አናውቅም።

ሰናይት ከሥራ ገባች፣ ላቧም አልደረቀ። አላስቆምኳትም። ልጁን ሰጥቼ ልወጣ ስል ለቅሶው ጠፋ። ደነገጥኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ጉርጭ፣ ጉርጭ ይላል። ይውጣል!

ወዲያው ስልኩ ጮኸ፣ አስካለ ናት።

"ጠባ?" አለች።

ስልኩን ወደ መጋረጃው አስጠጋሁላት። ሰናይት ነገ የማታ ፈረቃ ናት፣ ምን እንደምናደርግ አላውቅም። ከአስካለ በኩል ዝናቡ የቆርቆሮ ጣራችንን ይመታል። ሰማሽ ወይ አልኳት።

"ዝም በል" አለች፣ "ልስማበት።"

እኔም ዝናቡን ሰማሁ።