የኃላፊው ዱላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ደግ ደስታ ግን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን «በጀት ተቀንሷል» ብሎ የመስክ ነዳጅ ሲሰርዝ፣ የከብት ሐኪሙ ባሌ አስማረ የክትባቱን ሳጥን በጀርባው አዝሎ የጮቄን ተራራ በእግሩ ወጣ። የሳጥኑ በረዶ ሳይቀልጥበት ደርሶ የደጋውን በግ ሁሉ ከትቦ ተመለሰ። እግሩን ሳጥብለት የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። እንዲህ ያለ ወንድ አግብቼ እንዴት አልኮራ! ሰውየው ግን «እግዜር ይስጥልን» እንኳ አላለውም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አልለውም።

ዛሬ ቢሮዬ መጣ። የመኪና ስምሪት የምሰጠው እኔ ነኝ። የዞኑ ቢሮ «ራስህ ወጥተህ የተከተቡትን በጎች አይተህ ና» ብሎታል።

«ለነገ ጮቄ የሚያወጣኝ መኪና አዘጋጂልኝ» አለኝ።

«ነዳጁን እኮ እርስዎ ሰርዘውታል፤ አስማረ መንገዱን ስለሚያውቀው በእግር ያደርስዎታል» አልኩት።

 «እንግዲያው ጠዋት ይጠብቀኝ» ብሎ ወጣ።

ቤት ገብቼ አስማረን «ነገ ፈጥነህ ሂድበት፤ እንዳታሳርፈው» ስለው ሳቀብኝ። ይባስ ብሎ ከጓዳ ደረቅ የወይራ ዱላ አውጥቶ እጀታውን በቢላ ያለሰልስ ጀመር። ለሰውየው ነው!

«ዳገቱ ያለ ዱላ አይሆንለትም፤ ያሳዝናል» አለኝና በር ላይ አስደግፎት በጎቻችንን ሊያስገባ ወጣ።

አስማረ ደግ ሰው ነው። እኔ አይደለሁም። የራት ሽሮ ያበሰልኩት ያን ዱላ አንድጄ ነው። አስማረ ጣፈጠኝ ብሎ ደገመ።