የጋሽ ሌስተር የአደራ ወረቀት

ለውድ ወንድሜ ለኤልደን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? ክረምቱን ሲያምህ የከረመው ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ፣ የመርከቡን ደረጃ ስትወጣ አሁንም ያስቸግርሃል? በረዶው ከሐይቁ ላይ ለቀቀላችሁ? እንቅልፍስ ታገኛለህ? ምግብ አብሳያችሁ ያው የአምናው ሰውዬ ነው ወይስ ጸሎታችሁ ተሰምቶ ተቀየረ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እማዬም ሳሏ ለቋታል፤ ዛሬ ጠዋት የጓሮውን አጥር ራሷ ካላደስኩ ብላ መዶሻዋን ደብቄባት ነው የዋልኩት።

ይህን ደብዳቤ የፖስታ ጀልባዋ ዲትሮይት ወንዝ ላይ መርከባችሁን ስትጠጋ ታቀብልሃለች ብዬ ነው የምልከው። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለጋት እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ከሆነ እቆጣለሁ፣ እጮሃለሁ፣ አንተም ታባብለኛለህ፣ ነገሩም እዚያው ላይ ይቀራል። በወረቀት ግን የጻፍኩትን መልሼ ማንበብ ግዴታዬ ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትደውልልኝ እለምንሃለሁ።

ነገሩ በዳይስና በካርድ የምንጫወተው የቤዝቦል ሊጋችን ነገር ነው። ከእኔ የበለጠ የምታውቀውን ሁሉ ከሥሩ ጀምሬ እጽፍልሃለሁ። ላለፈው አንድ ወር ታሪኩን ለሰው ሁሉ ስናገር የምዘለው አንድ ቦታ ነበረኝ፤ አሁን ምንም እንዳልዘል ብዬ ነው።

የዘንድሮው የፍጻሜ ግጥሚያ በእኔና በጋሽ ሌስተር ሁርስካ መካከል ነበር። አባዬ ለሁለታችን ትቶልን የሞተው ቡድን ለፍጻሜ ሲደርስ በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ስድስቱን ጨዋታ እንደ ወጉ ተጫወትን፦ እሳቸው አዮዋ ቤታቸው፣ እኔ እዚህ የእማዬ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በኮምፒውተር እየተያየን፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን ቀይና ነጭ ዳይስ በየጠረጴዛችን ላይ እየጣልን፣ የወጣውን ቁጥር ጮክ ብለን እየተናገርን፣ ቁጥሩ ምን እንዳመጣ ከተጫዋቹ ካርድ ላይ እያነበብን። ካሜራው ፊታችንን እንጂ ዳይሱን አያሳይም። አባዬ ካሜራ ወደ ሰው ዳይስ ማዞር የሰው ኪስ እንደ መፈተሽ ነው ይል የነበረውን ሁሉም እስከ ዛሬ ጠብቀውታል። ሦስት ለሦስት ሆንን፤ ዋንጫው በሰባተኛው ሊለይ ነው።

ሰባተኛው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ ሌስተር በረንዳቸው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ደውዬ ጨዋታው ይቆይ አልኳቸው። «ኧረ ተይ ልጄ፣ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የሚጠበቅ ነገር ሞልቷል፣ አንቺም አትጨምሪበት። የአደራ ወረቀቴን እልክልሻለሁ፣ አንቺው ለሁለታችንም ጣዪልን» አሉኝ። የእኛ ሰዎች ደንብ ይኸው ነው፤ የቀረ ሰው ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ይጽፋል፣ ተጋጣሚው ደግሞ ለራሱም ለእሱም ይጫወታል፣ የተጻፈውንም ቃል በቃል ይፈጽማል። ወረቀቱን ከተጋጣሚው በቀር የሚያየው የለም። ጋሽ ሌስተር ነርሷን አስቀምጠው አጽፈው ላኩልኝ። ከታች በኩል እንዲህ ይላል፦ «ከሰባተኛው ዙር ጀምሮ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ከደረሰብኝ ዋናው ወርዋሪዬ ደክሟል ማለት ነው። ወዲያው አውጪውና ግራኙን አስገቢልኝ። ይህን አደራ።»

ሰባተኛው ዙር ላይ እሳቸው ሦስት ለሁለት እየመሩ ነበር፤ እኔ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አደረስኩ። ተራው የምርጡ መቺዬ ሆነ። ግራኝ ወርዋሪ ሲመጣበት ግን እጁ የሚታሰር መቺ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። ወረቀቱ ፊቴ ተዘርግቷል። አነበብኩት። ረሳሁት አልልህም፣ አላየሁትም አልልህም። ለራሴ፣ ይህ አንድ መቺ ብቻ ይለፍ፣ ግራኙን ከዚያ አስገባለሁ አልኩ። ዳይሱን ጣልኩ። ቀይ ስድስት፣ ነጭ ስድስት። ኳሷ አጥር ተሻግራ ወጣች፣ መቺውም ቤዝ ላይ የነበሩት ሁለቱም፣ ሦስት ሰው ገባ፣ አምስት ለሦስት ሆነ። ከዚያ ግራኙን አስገባሁ። ለሁሉም የሚላከው የጨዋታው መዝገብ ላይም «በሰባተኛው ዙር ግራኙ ገባ» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት የለበትም። እንደዚህች ሐሰት የሌለባት መስመር ግን በሕይወቴ ያሳፈረኝ ነገር የለም። ጨዋታው በዚያው ውጤት አለቀ፣ ዋንጫውም የእኛ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን የቶሌዶው ብሬንት ተነሣ። ሁሉም በሚያነበው በሊጉ ገጽ ላይ «ቴሳዬ፣ ዳይሶችሽን የሚባርክልሽ ቄስ ማነው? በሰባት ጨዋታ ስድስት-ስድስት አሥራ አንድ ጊዜ? ለእኔም አድራሻውን ላኪልኝ» ብሎ ጻፈ። አንድ ሁለት ሰው ሲስቅለት ጊዜ ባሰበት። «ወንድሟ ሲጫወት እንዲህ ያለ ቁጥር አይተን አናውቅም። አባቷ ሲሞት አዝነንላት ያስገባናት ልጅ መጫወቻ አደረገችን፤ ትሰረዝ» አለ።

ያን ቀን የሆንኩትን አትጠይቀኝ። በዳይስ ዋሽቼ አላውቅም፤ በስድስት ዓመቴ አባዬ ጭን ላይ ተቀምጬም አልዋሸሁም። አራት ገጽ መልስ ጻፍኩ። በሰባት ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደጣልኩ ቆጥሬ፣ አሥራ አንዱ ከስምንት ሰው ለአንዱ በዕድል ብቻ የሚደርስ ቁጥር መሆኑን አስልቼ አሳየሁ። ሒሳብ የተማርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው? መጨረሻው ላይ ደግሞ ስለ ሐቀኝነት፣ ማንም ሳያየው ትክክለኛውን ስለሚያደርግ ሰው፣ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ያንን ገጽ ስጽፍ የጋሽ ሌስተር ወረቀት እዚያው ከኮምፒውተሩ ሥር ነበር።

አንተም ከመርከቡ ላይ ቃልህን ሰጠህልኝ፦ «እህቴን አውቃታለሁ። የተሰጣትን እምነት አታጎድልም። ውሸታም ሆና ከተገኘች እኔንም አብራችሁ ሰርዙኝ።» ድምፅ ተሰጠ፣ አምስት ለሁለት ነጻ ወጣሁ። ከአምስቱ አንዱ ጋሽ ሌስተር ነበሩ። ሰብሳቢያችን ድዋይት ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሐቀኛዋ» እያለ ይጠራኝ ጀመር። እማዬ የቼሪ ኬክ ጋገረች፣ ጎረቤት ጠራች፣ የብሬንትን ነገር በእጅ በእግሯ እያስመሰለች አሳቀቻቸው። እኔ የደረሰኝን ቁራሽ ሳልነካ ወደ ትሪው መለስኩት። የተከሰስኩበትን አላደረግኩም፣ ያደረግኩትን ማንም አልከሰሰኝም። በዚህ መካከል እየተመላለስኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ብናገር ብሬንት ስለ ዳይሱ ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ይቀራል፣ አንተም በእኔ ምክንያት ትዋረዳለህ እያልኩ ለዝምታዬ ጥሩ ጥሩ ምክንያት አበጀሁለት። ያንተን ስም መሸሸጊያ ማድረጌ ነው ከሁሉ የሚያቃጥለኝ።

በመጨረሻ ለጋሽ ሌስተር ደወልኩ። ወደ ቤታቸው ተመልሰው በምርኩዝ መራመድ ጀምረዋል። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ አደራዎን በላሁ፣ ግራኙን አንድ መቺ አዘግይቼ ነው ያስገባሁት አልኳቸው። እሳቸውም «መዝገቡን ያነበብኩት በማግስቱ ነው። የዳሌ እንጂ የዓይን ሕመምተኛ አይደለሁም እኮ» አሉኝ። ታዲያ ለምን ድምፅ ሰጡኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። «የተጠየቅኩት ስለ ዳይስ ነዋ። በዳይስ አትዋሺም፣ እሱን መሰከርኩ። ስለ ወረቀቱ የጠየቀኝ የለም። እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት» አሉ። ይቅርታ ማለት ጀምሬ ሳልጨርስ «እሑድ ሁላችንም ባለንበት ከዚያችው ቦታ እንቀጥላለን። አሁን እግሬን ላሳርፍ» ብለው ዘጉት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሰባቱም በኮምፒውተሩ ፊት ተሰብስበው እያዩኝ ተናገርኩ። ወረቀቱንም አነበብኩላቸው። ብሬንት ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ «በይ እንግዲህ፣ አፍሽን ከከፈትሽ አይቀር ዳይሱንም አብረሽ ተናዘዢና እንገላገል» አለኝ። «ዳይሱን አልነካሁም። ወረቀቱን አፍርሻለሁ። በወረቀቱ እኔ ተጠያቂ ነኝ፣ በዳይሱ አንተ ነህ። እኔ የእኔን ተናገርኩ፣ ያንተን እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። እሱም ዝም አለ። ነገር ግን ኤልደን፣ ሌሎቹም ዝም አሉ። ባለፈው «ልክ ናት» ያሉት ሰዎች አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። አንዷ መነጽሯን ስትጠርግ ቆየች። ብሬንትን ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም። የሌሎቹ ዝምታ ግን የራሴ ሥራ ነው፤ ማን ላይ እጮሃለሁ?

ጨዋታውን ከሰባተኛው ዙር፣ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ካለበት ቀጠልን። ጋሽ ሌስተር ራሳቸው «ግራኙ ይገባል» አሉ። ጣልኩ። ቀይ ሁለት፣ ነጭ አራት ወጣ፤ ምርጡ መቺዬ ኳሷን መሬት ለመሬት ላካት፣ ሁለት ሰው በአንዴ ከጨዋታ ወጣብኝ። እስከ ዘጠነኛው ዙር ታገልኩ። በሦስት ለሁለት ተሸነፍን፣ ዋንጫው አዮዋ ሄደ። ለእማዬም የዚያኑ ዕለት ነገርኳት። የአባዬን ፎቶ ከምድጃው በላይ አንሥታ ስትወለውል ቆየችና «ለኤልደን ራስሽ ጻፊለት፣ ከሌላ እንዳይሰማ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችኝም።

ቡድናችን አልተሰረዘም፣ ያንተንም ስም ያነሣ የለም። ያን የጻፍከውን ቃል ግን አሁንም ገጹን ስከፍት ከሁሉ በላይ አየዋለሁ። ማንሣት የምትችለው አንተ ብቻ ነህ፤ አንሣው። ለእኔ አስበህ አታለዝበው፣ «እህቴ ወጣት ናት» የሚል ነገርም አትጨምርበት። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፣ ማንበብም እችላለሁ። ብትቆጣኝ ተቆጣኝ። ቡድኑን ልረከብሽ ካልከኝም ካርዶቹን አሽጌ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። አልልሽም ካልከኝ ግን አልለቅም፤ ብሬንት ደስ ይበለው ብዬ ከዚያ ወንበር አልነሣም፣ በየእሑዱ ፊቴን ያዩታል።

አንድ ነገር ልጨምርልህና ላብቃ። አዲሱ ውድድር ተጀምሯል፣ የመጀመሪያው ተጋጣሚዬም ድዋይት ነው። የልጅ ልጁ ሠርግ ስለሆነ መገኘት እንደማይችል ትናንት ጽፎልኝ ነበር። እንደ ወትሮው ወረቀቱን ይልክልኛል ብዬ ጠረጴዛውን ጠርጌ፣ የሁለታችንንም ካርዶች ደርድሬ ጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ ሌላ መልእክት መጣ፦ «ቴሳ፣ ለምን አንቺን አስቸግራለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ እመጣለሁ። የሚያስቸኩል ነገር የለም።» ድዋይት እኔ ካወቅኩት ጀምሮ ጨዋታ አስተላልፎ አያውቅም። ደግ ሰው ስለሆነ በደግነት ነው የጻፈው። እሺ አልኩትና ካርዶቹን ወደ ሣጥናቸው መለስኳቸው።

እማዬ ግንባርህን ትስምሃለች፤ ሹራቡን በሰኔ አታውልቅ ብላሃለች። አክስቴ ሩት ሰላም ብላሃለች፣ ጥርሷ ተነቅሎ ገና ማውራት ስለማትችል እጇን እያወዛወዘች ነው። ጎረቤታችን ሽማግሌው ኦስካርም ጀልባውን መቼ እንደምታይለት ይጠይቅሃል። አብረውህ ለሚሠሩት ሁሉ፣ ለዚያ ምግብ አብሳይም ጭምር፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሐይቁ በሰላም ያመላልሳችሁ።

እህትህ
ቴሳ ኮስኪ
አሽታቡላ፣ ኦሃዮ
ሜይ 7 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.