ለአንድ ጠዋት ውሃ የሰጠው የግራና ፓምፕ

ለተከበሩ የዞኑ የፊልም ድጋፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ሁልጊዜ የተሟላ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የማይነቃነቅ ይሁንልዎ እያልኩ ሰላምታዬን ከመርሳ አቀርባለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ሚያዝያ 6 ቀን 2003 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የኮሚቴዎ ተወካይ አቶ ካሳዬ የውሃ ቦቴ አስከትለው ግራና በደረሱበት ቅጽበት ነው። እኔ የጻፍኩት፣ እርስዎም አንብበው ማኅተም ያሳረፉበት ፊልም፣ በተመረቀ በሁለተኛ ወሩ ስለደረቀ የእጅ ፓምፕና ውሃ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ስለሚሄዱ እናቶች ነበር። አቶ ካሳዬ ግን የደረቀ ፓምፕ ለተመልካች ተስፋ እንደማይሰጥ በትሕትና አስረድተውኝ የቦቴውን ቱቦ ከፓምፑ ጀርባ አስቀበሩ። ፓምፑም ውሃ ሰጠ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ካሜራና መኪና ብቻ ለጠየቀች ጀማሪ ውሃ ጭምር ስለላኩላት አመሰግናለሁ። የግራና ሰው ሦስት ዓመት አመልክቶ ያጣውን ውሃ ፊልሙ በአንድ ጠዋት አስገኘለት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቴአትር ጥበባት ስማር እንዲህ ያለ ጥበብ ያስተማረኝ መምህር አልነበረም።

2ኛ. የእናቶቹ ፈገግታ በቂ አይደለም ተብሎ ቀረጻው አራት ጊዜ ሲደገም፣ የሞሉትን ጀሪካን መሬት ላይ እየደፉ እንደ አዲስ እንዲሰለፉ መታዘዛቸውን ሳላመሰግን አላልፍም። በአራተኛው ቀረጻ የቦቴው ውሃ ስላለቀ ሁሉም ባዶ ጀሪካን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ ሸዋዬ የተባሉ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እየደፋን ነው እንዴ የምንስቀው?» ብለው ነበር። ይህ ድምፅ በቅንብር ወጥቶ በምትኩ ጭብጨባ ስለገባበት ባለሙያዎችዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ለሦስተኛው ነገር ቁጥር አልሰጥም። ፊልሙ ወልድያ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ «ደራሲ ቃልኪዳን አያሌው» የሚለው ጽሑፍ ከሚፈሰው ውሃ በላይ ጎልቶ ወጣ። ባለፈው የገበያ ቀን ወይዘሮ ሸዋዬን አገኘኋቸውና ለሰላምታ እጄን ዘረጋሁ። ልጄ ይሉኝ የነበሩት ሴት ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋሉ?» አሉኝ፤ አለቃ ለሚባል ሰው እንደሚባለው፣ በአንቱታ። ክቡር ሆይ፣ ኮሚቴዎ ከሰጠኝ ድጋፍ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚሰማኝ ይህ ነው።

«ምርጥ ልማታዊ ደራሲ» የሚለውን የምስክር ወረቀት፣ መስታወቱ እንኳ ሳይሰነጠቅ፣ ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ከእንግዲህ ስሜ በዚያ ፊልም ላይ እንዲቆይ አልፈቅድም። የተጠማን ሰው ውሃ እያስደፋ «ሳቅ!» የሚል ድጋፍም፣ በማንም ማኅተም ቢመጣ፣ አልቀበልም።

ማኅተምዎን የምታከብር፣ ከማኅተሙ በላይ የተጻፈውን ግን ማመን ያቃታት፣
ቃልኪዳን አያሌው
ከመርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፊልሙን ለክልሉ ውድድር መላክዎን ሰምቻለሁ። ዳኞቹ ፓምፑን በዓይናቸው ማየት ከፈለጉ ቀኑን አስቀድመው ቢያሳውቁን መልካም ነው። እናቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ እርስዎ ቦቴውን ብቻ አይርሱ።