ያልለካሁት ክኒን

ጥቅምት 4

ከሥራ መልስ በያዝኩት ቁልፍ ከፍቼ እህቴ ቤት ገባሁ። ፊቷ ክብ ብሏል፤ ጉንጯ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። «ተመችቶሻል» አልኳት። ጉልበቷ ግን ድኗል፤ ደረጃውን እንደ ልጅ ትወጣዋለች። ምክንያቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ነጭ የክኒን ጠርሙስ። ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጣው የስፖርት አስተማሪ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያቀብላት ኖሯል። ላዩ ላይ «ፕሬግኔኖሎን፤ የሆርሞኖች ሁሉ እናት» ይላል።

እናት! ሰውነት ከኮሌስትሮል ፕሬግኔኖሎንን ይሠራል፤ ከእሱ ደግሞ የደም ግፊትን የሚይዘውን ኮርቲዞልንም የወንድና የሴት ሆርሞኖችንም። ይህ እውነት ነው። ግን ጥሬ ዕቃ ስለዋጡ ፋብሪካው ምርት አይጨምርም። ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሆርሞን የለካሁ ሰው ይህን ለስፖርት አስተማሪ ላስረዳ?

«እትዬ፣ ኖራ ነው የምትውጪው።»

«ኖራ ከሆነ ጉልበቴን ማን አሻለው?»

«ሐሳብሽ ነዋ።»

«ዳኛው! ደግሞ ልትፈርድብኝ መጣህ?»

ክኒኑን ሽንት ቤት ደፋሁት። ውኃ ለቀቅሁበት። እሰይ።

ጥቅምት 7

አስተማሪውን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ሌላ ጠርሙስ ቢያመጣ ጥርሱን እንደማወልቅ ነገርኩት።

«ለእህትዎ ነው ወይስ ለዲግሪዎ የሚቆረቆሩት?» አለኝ።

ባለጌ።

ጥቅምት 11

ደወለች። ደክሟታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ከአልጋ መነሳት አቅቷታል። «ሱስ ሲለቅ እንዲህ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ኖራ ደግሞ ምን ሱስ አለው?...

ጥቅምት 13

ከድንገተኛ ክፍል ደም መጣ። ኮርቲዞል 0.7። በጠዋት፣ ከፍ ብሎ መገኘት ባለበት ሰዓት! ዜሮ ማለት ነው። ስልክ አንስቼ ነርሷ ላይ ጮህኩባት። «ደም መቅዳት የማይችል ሰው ለምን ትቀጥራላችሁ?»

«በትክክል ነው የቀዳሁት። ታካሚዋ ራሷን ስታለች፤ ግፊቷ ወርዷል። ስሟን አይተውታል?»

ያኔ አየሁት።

ሥራ ላይ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ዘግቼ አስቀምጣለሁ፤ ደንቤ ነው። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ጊዜ ደውላ ነበር።

ጥቅምት 14

ዓይኗን ገልጣለች። ሃይድሮኮርቲዞን፣ የጎደላትን ኮርቲዞል የሚተካ መድኃኒት፣ በደም ሥር ተሰጥቷት ነው። ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ኮሪደር ላይ አቆመችኝ።

«ጋሼ፣ እህትዎ ስቴሮይድ ስትወስድ ነበር?»

«ኖራ ነበር...»

«ለክተውታል?»



የእህቴ ልጅ ከእናቷ ቦርሳ ሁለት ክኒን አግኝታለች። እጄ ላይ ስታደርግ ፊቴን አላየችም።

ጥቅምት 16

ክኒኑን ለካሁት፤ ዴክሳሜታዞን፣ እንደ ኮርቲዞል የሚሠራ ብርቱ ስቴሮይድ። የተለጠፈው ጽሑፍ ውሸት ነው፤ የፕሬግኔኖሎን ሽታም የለበትም። ሁለት ዓመት የውጭ ስቴሮይድ ሲገባላት ኮርቲዞል የሚሠሩት ዕጢዎቿ ሥራ አቆሙ። ያ ክብ ፊት... ተማሪ የሚያውቀው የስቴሮይድ ምልክት ነበር። እኔ ግን ቀለድኩበት። ከዚያ ክኒኑን በአንድ ቀን ቆረጥኩባት። ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፣ መለካቱ። ናቅሁት።

ጥቅምት 17

አስተማሪው ላቦራቶሪ ድረስ መጣ። ላዋርደው ተዘጋጅቼ ነበር።

«እኔም እኮ እውጠዋለሁ። ለወገቤ። ሳላውቅ ነው፣ እግዜር ያውቃል። ዛሬ ልጥለው ነው።»

«እንዳትጥለው!» ብዬ ጮህኩ። ሰዎች ዞር አሉ። «ሐኪም ሳያይህ አንዲት ቀን እንዳታቋርጥ።» ራሴ የእህቴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። አሁንም እጠላዋለሁ።

ጥቅምት 20

ለመድኃኒት ቁጥጥር የሚላከውን ቅጽ ሞላሁ። «መድኃኒቱን ያቋረጠው ማን ነው?» ይላል። «ታካሚዋ» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩት። ቀደድኩት። ሌላ ቅጽ ወስጄ የራሴን ስም ከነማዕረጉ ጻፍኩ።

አለቃዬ አየው። «ይህን ማስገባት ግድ ነው? ዝናችን...»

«ግድ ነው» አልኩት።

ኅዳር 2

እህቴ ቤቷ ገባች። ሐኪሟ ያዘዘችላት ክኒን ለወራት ይቀጥላል፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ፣ ዕጢዎቿ እስኪነቁ። መጠኑን ልመለከት ጠርሙሱን ጠየቅሁ።

«እንዳታሳዪው» አለች ልጇን።

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። የሳቀ የለም።

«የቤቴንም ቁልፍ አስቀምጥ።»

«እትዬ...»

«ስትመጣ አንኳኳ። ከፈለግሁ እከፍትልሃለሁ።»

አስቀመጥኩ። ነገ ሄጄ አንኳኳለሁ።