ቀልደኛው ባሌ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ለምወድህ ባለቤቴ፣

የሥራ ካምፑ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ሆዴ ላይ ግን መርፌ ያልነካው ቦታ ጠፍቷል። እንቁላል የሚያሳድገውን የሆርሞን መርፌ ስወጋ ይኸው አራተኛ ዙሬ ነው። የጀመሩልኝም ያንተ የዘር ምርመራ ጤናማ ስለተባለ እንደሆነ ታውቃለህ። ትናንት በአልትራሳውንድ ሲታይ ሁለት እንቁላል አምሮ አድጓል። ዶክተሩ፣ "ሰውነትሽ የሚጠበቅበትን ሁሉ ሠርቷል። ባልሽም በየዙሩ እየመጣ ፅንሱ ለምን እንደማይዝ ግራ ገብቶኛል" አለኝ።

እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር፤ መርፌ የምትወጋኝ ሲስተር እስክታወራ ድረስ።

"ባልሽ ደህና ነው? ያ ቀልደኛው" አለችኝ። "ለምርመራ የመጣ ቀን ሁላችንንም በሳቅ ሊገድለን ነበር እኮ።"

አንተና ቀልድ? በሠርጋችን ቀን ፎቶ አንሺው ፈገግ በል ብሎ የለመነህ ሰው ነህ። በቤታችሁ ሰው በሳቅ የሚገድል ወንድምህ ብቻ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት።

የምርመራህን ፋይል አስወጣሁ። ስሙ ያንተ ነው። ናሙናው የተሰጠው ነሐሴ 14። በዚያ ሳምንት ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ከካምፕ መውጣት እንዳልቻላችሁ የነገርከኝ ራስህ ነህ። ውጤቱን በታሸገ ፖስታ ያመጡልኝ ደግሞ እናትህ።

ትናንትናውኑ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

"እማማ፣ ነሐሴ ላይ ለምርመራ የሄደው ማነው?"

ሽንኩርት መክተፋቸውን አላቆሙም። "ልጄ ነዋ።"

"የትኛው ልጅዎ?"

ቢላዋው ቆመ። "መርፌው ነው እንዲህ የሚያናግርሽ" አሉኝ።

ለጎረቤቱ ሁሉ "ችግሩ ከእሷ ነው" ሲሉ አጠገባቸው ተቀምጠህ ዝም ብለሃል። እኔ ሞኟ ዝምታህን ጨዋነት ነው ብዬ ነበር።

ለቀጣዩ ዙር የተሰጡኝ መርፌዎች ፍሪጅ ውስጥ ናቸው። አንዱንም አልወጋም። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንተው ራስህ እንድትመረመር ክሊኒኩ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በለኝ፤ አራት ወር ሙሉ ሆዴን ገልጬ ስተኛ እኔም ፈርቼ ነበር። የማልችለው መታለልን ነው።

ደብዳቤውን ለካምፑ ሾፌር በእጁ እሰጠዋለሁ። በእናትህ በኩል አለመላኬ አይግረምህ።

መንገዱን ያቅናልህ፤ ልብህንም ያበርታልህ።

እስከ ዓርብ ድረስ ሚስትህ

ይህን ልዘጋው ስል ትዝ አለኝ፦ ዛሬ ጠዋት ወንድምህን ታክሲ መያዣው ጋ አገኘሁት። ካወቅኩት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ አለፈኝ።