ከውጭ የተቆለፈው በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ጤና ጣቢያ አማካሪው ዘንድ ስሄድ ሦስተኛዬ ነው። ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ የደረሰ ዕለት ያደረግኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ። የታመመው አባቴ "አልሄድም" ሲል፣ ቤቱ ባዶ መስሎ ዘራፊ እንዲያልፈው ብዬ ከውጭ ቆልፌበት ሸሸን። ስንመለስ ቁልፉ እንዳለ ነበር። አባቴ ውስጥ ሞቷል።

አማካሪው ሰዓቱን አየና "ዛሬና ነገ ድካምም ቁጣም ሊመጣብዎ ይችላል፤ ይረፉ" አለኝ። ጆንያ ፈትቶ እህሉን ዘግኖ ካየ በኋላ መልሶ ሳይቋጥር የሚሄድ ደላላ ሆነብኝ! እኔን ነው ይረፉ የሚለኝ?

እህል ሱቄ ገባሁ። ከአርዲቦ ማሽላ ይዛ የመጣች ደንበኛዬ "አያ እንድሪስ፣ ዛሬስ ከጆንያው ፊትህ ከበደ" ብላ ብትቀልድ ጮህኩባት። በሃያ ዓመት ንግድ ደንበኛ ላይ ጮኼ አላውቅም። ማሽላዋን አስጭና ለጎረቤቴ ሸጠችው። ደግ አደረገች። አማካሪው ስለ ቁጣ የተናገረው ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ቤት ስገባ ቁጣው አልበረደም ነበር። ባለቤቴ ዘይነባ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ "አባቴን ቆልፌ የገደልኩ ሰው ነኝ፤ ምን እሆናለሁ!" አልኳት። ስለዚያ ቁልፍ አውርተን አናውቅም።

እሷ ግን "ቆልፍብኝና ሂድ ያሉህ እኮ አባየ ራሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ" አለች።

እኔ አላስታውስም። ለቲማቲም ዋጋ እንኳ ወላሂ የምትል ሴት፣ ዛሬ ወላሂ አላለችም። "ወላሂ በይ" ማለት ግን አልደፈርኩም።